የዋርሳዋ ሹመት

ዜናውን የሰማችው ልብስ ስትተኩስ ነው። የወጥ ቤቱ ሬዲዮ ስለ ዝናብና ስለ መንገድ መጨናነቅ ሲያወራ ቆይቶ፣ አንባቢው ጉሮሮውን ጠረግ አደረገና፣ ሥልጣን ሊያስረክቡ ጥቂት ሳምንታት የቀሯቸው ፕሬዚዳንት ለሠራዊቱ አዲስ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም እንዳጩ፣ ሹመቱም እንዲጸድቅ ለምክር ቤቱ እንደተላከ ተናገረ። የዕጩውን ስም ሲጠራ ካውያውን ከጨርቁ ላይ ብድግ አደረገችው። ዋርሳዋ ነበር፤ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም።

መጀመሪያ ደስ አላት። ሌላውን ሁሉ ረስታ፣ ብቻዋን ቆማ ፈገግ አለች። ዕድሜውን ሙሉ ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር ሲንከራተት የኖረ ሰው በመጨረሻ የሚገባውን አገኘ ብላ። ደስታው ግን ቀሚሷን ተኩሳ እስክትጨርስ እንኳ አልቆየም። ሹመቱን መርምሮ የሚያሳልፈው ወይም የሚጥለው የምክር ቤቱ የመከላከያ ጉዳዮች ኮሚቴ ነው፤ እሷ ደግሞ የኮሚቴው አባል ናት። ያውም ምርጫውን ባሸነፈው፣ ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ከእንግዲህ ዘበኛ እንኳ እንዳይቀጥሩ በማለው ፓርቲ በኩል።

ምክር ቤት ውስጥ "መምህሯ" ይሏታል። ከመመረጧ በፊት ሃያ ዓመት ሒሳብ ስታስተምር ነው የኖረችው፤ ዛሬም ስትናገር ጠመኔ የያዘች ይመስል አንድ እጇ ወደ ላይ ይነሳል። ባሏ የመንገድ መሐንዲስ ነበር። ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ ብላ የቀረች ዕለት፣ ወንድሙ መርዶ ነጋሪ አልላከባትም፤ ከጦር ሰፈሩ ሲነዳ አድሮ ራሱ መጣ። በሩን ከፍታ ስታየው ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል። አንድ ቃል ሳይተነፍስ ገባት።

ከዚያ ወዲህ ጄኔራሉ ከተማ ውስጥ ባለ ቁጥር የእሁድ ምሳው እሷ ዘንድ ነው። ሁለቱም ወሬ አያበዙም። በልቶ ሲጨርስ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ ያጠብቃል፣ አልዘጋ ያለ በር ካለ ይሞርዳል። አንዲቷን ልጇን መኪና መንዳት ያስተማራት እሱ ነው፤ ስትዳርም በአባቷ ቦታ ቆሞ እጇን ይዞ ያስረከባት እሱ ነው። ራሱ አላገባም። አብረውት የሚኖሩት እናቱ "ይሄ ልጅ ሠራዊቱን አግብቶ ቀረ፤ አንቺ ባትኖሪ ምራት የሚባል ቃል አፌን አይነካውም ነበር" ይሏታል።

በተቃዋሚው ፓርቲ በኩል ልትወዳደር ስትነሳ ለእሱ መንገር ጭንቅ ሆኖባት ነበር፤ የመንግሥት ጄኔራል ነውና። ምሳ ላይ እንደምንም አወጣችው። የጎረሰውን አኝኮ ዋጠና፣ ወታደር የፓርቲ ደንብ አያውቅም፣ የእሁዱ ምሳ ግን በነበረበት ይቀጥላል ወይ ብሎ ጠየቃት። ይቀጥላል አለችው። ቀጠለ።

በዜናው ማግሥት ስልክ ደወለ።

"እሁድ አልመጣም" አላት።

"ምነው ጋሼ?"

"ሰው ያያል።"

"ምን ያያል? ምሳ ስትበላ?"

"አዎ። ምሳ ስበላ።"

ሹመት ያዳብር ልትለው አፏ ላይ መጣና መለሰችው። ገና አልተሾመም፤ ደግሞም እንዳይሾም ከሚፈልጉት ወገን ናት። እማማን ሳምልኝ ብላ ዘጋች። እሁድ ሲመጣ እጇ ለአንድ ሰው መሥራት አልለምድ ብሏት ድስት ሙሉ ሠራች፤ ቆማ ቀማመሰችና ከደነችው።

ምክር ቤቱ በዚያ ሰሞን የገበያ ቀን መሰለ። ሕጉ በሽግግር ጊዜ እንዲህ ያለ ሹመት "ከተመራጩ ፕሬዚዳንት ጋር በመመካከር" ይፈጸማል ይላል። የተሰናባቹ ወገን፣ ፕሬዚዳንቱ ለተመራጩ ስልክ ደውለዋል፣ ምክክር ማለት ይኸው ነው አለ። የእሷ ወገን ደግሞ፣ ስልኩ የተደወለው ስሙ በሬዲዮ ከተነገረ በኋላ ነው፣ ይሄ ምክክር ሳይሆን መርዶ ነው ብሎ መለሰ። መመካከር ማለት መስማማት ነው ወይስ ማሳወቅ በሚል አንድ ሙሉ ቀን አለቀ። በማግሥቱ የእሷ ፓርቲ አዳራሹን ጥሎ ወጣና ምልዓተ ጉባኤ ጎደለ። ከዚያ ወዲያ ያኛው ወገን በተራው አኮረፈ። አፈ ጉባኤው ጠረጴዛውን በመዶሻ ሲደበድቡ ሰነበቱና ሲታክታቸው ጉዳዩን ለኮሚቴው መርተው ተገላገሉ።

ኮሚቴው ውስጥ የእሷ ወገን በአንድ ሰው ይበልጣል። እኩል ከሆኑ የሰብሳቢው ድምፅ ይወስናል፤ ሰብሳቢው ደግሞ የተሰናባቹ ሰው ናቸው። እንግዲህ ያቺ አንዷ ሰው ማን እንደሆነች ለማወቅ የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም።

የፓርቲዋን ድምፅ የሚያሰባስበው ተጠሪ "ቀበቶ" ይባላል፤ አንድም አባል እንዳይሾልክበት ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ሰው ስለሆነ። ኮሪደር ላይ አገኛትና ክንዷን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰዳት። በምርጫ ቅስቀሳው ጊዜ አደባባይ ላይ የተናገረችውን ቃል በቃል አነበነበላት፦ "ቤት የሚለቅ ሰው ቁልፍ ያስረክባል እንጂ ለሚገባው ሰው ዘበኛ አይቀጥርለትም።" ያን ቀን ሰዉ አጨብጭቦላት፣ ጋዜጣ ላይም ወጥቶላት ነበር። ነገሩን ያኔም አምናበት ነው የተናገረችው፤ አሁንም ታምንበታለች። ክፋቱም እሱ ነው። ባታምንበት ኖሮ እንቅልፍ ባላጣች።

ቀበቶ ዕጩው ጨዋ ሰው እንደሆነ እሱም እንደሚያውቅ ነገራት። ነገሩ ከሰውየው ጋር አይደለም አላት። ተመራጩ ቃለ መሐላ ፈጽመው ሲረጋጉ፣ እኛው ራሳችን እንሾመዋለን አላት።

"ቃልህ ነው?" አለችው።

"ምን በወጣኝ እዋሻለሁ፣ መምህሯ።"

እሷ ግን ከነገሩ መውጣት ነበር የፈለገችው። ሰብሳቢው ዘንድ ሄዳ፣ ዕጩው የባለቤቴ ወንድም ነው፣ በዚህ ጉዳይ ድምፅ ልስጥ አይገባኝም ብላ በቃል አመለከተች። ሰብሳቢው ሽማግሌ ናቸው፤ ነገሩ ገባቸው፤ ለኮሚቴው አቀረቡት። ከዚያ የሆነውን ግን አልጠበቀችም።

ሹመቱን የሚደግፉት አባላት እየተነሱ፣ ጄኔራሉና መምህሯ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ትውጣ አሉ። የገዛ ወዳጆቿ ደግሞ እየተነሱ፣ ባልየው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፣ ዝምድናው ከሳቸው ጋር ተቀብሯል፣ አትወጣም አሉ። አንደኛው፣ በዓል በዓል ይጠያየቁ ይሆናል እንጂ ምንም አይደሉም አለ። ሌላኛው፣ ልጅቷን የዳረው ማን ሆነና ብሎ መለሰለት። ስለ ቤቷ፣ ስለ ልጇ ሠርግ፣ ስለ እሁዱ ምሳ እንኳ ሳይቀር በአዳራሹ ውስጥ ተወራ፤ ከየት እንደሰሙት አታውቅም። እሷ መካከላቸው ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትሰማለች። ማንም አልጠየቃትም። በመጨረሻ የሕግ አማካሪው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ ደንቡን አየና፣ ደንቡ የሥጋ ዘመድንና የትዳር ጓደኛን ብቻ እንደሚጠቅስ፣ የሟች ባል ወንድም በሕግ ዓይን ዘመድ እንደማይባል ተናገረ። ወዳጆቿ ደስ አላቸው። አንዷ ከኋላ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት፤ አይዞሽ፣ አሸነፍን ለማለት።

አማቷ የደወሉት የዚያኑ ቀን አመሻሽ ላይ ነው። ሁልጊዜ ስልክ ሲያነሱ የጤና፣ የልጅ፣ የጎረቤት ሰላምታቸው አያልቅም ነበር። ያን ቀን ሰላም እንኳ አላሏትም።

"ዘመድ አይደለንም ብለሽ አስፈረድሽ አሉ?"

"እማማ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት። እኔማ—"

"ልጄ፣ ባልሽን ቀብሬያለሁ። ይሄኛውን አንቺ እንዳትቀብሪብኝ።"

ልታስረዳቸው ሞከረች። ስለ ሽግግሩ፣ ስለ ተመራጩ፣ ነገሩ ከሰውየው ጋር እንዳልሆነ። የቀበቶን ቃል በራሷ አፍ ስትደግመው ስለሰማችው መካከል ላይ አቆመች። አሮጊቷ "በይ እንግዲህ" ብለው ዘጉት።

ጄኔራሉ ኮሚቴው ፊት የቀረበው ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት ግቢው በመኮንኖችና በምክር ቤት አባላት ተሞልቶ፣ ሰዉ ከወዲያም ከወዲህም እጁን እየዘረጋ ሹመት ያዳብር ይለው ነበር። መኪናው በር ላይ ሲቆም የሚከፍትለት ሰው በሽሚያ ነው። እሷ ከደረጃው ላይ ሆና አየችው። ሙሉ የክብር ልብሱን ለብሷል፤ አንገቱ ላይ ጠበቅ ብሎታል፤ ወፍሯል። ቀና ብሎ አያት፤ አንገቱን እንደ ማንኛውም ሰው ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣትና ገባ።

አዳራሹ ውስጥ ለብቻዋ የተቀመጠች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ፊቱ አንድ ብርጭቆ ውሃና ማይክሮፎን አለ። የተሰናባቹ ወገኖች እሱ ራሱ የማይለውን ጀግንነት ሲያወሩለት ቆዩ፤ የእሷ ወገኖች መልስ የማይፈልግ ጥያቄ እየጠየቁ ንግግር አደረጉ። ከዚያ ሰብሳቢው ስሟን ጠሩ። ሰዉ ወደ እሷ ሳይሆን በእሷና በእሱ መካከል ወዳለው ባዶ ቦታ የሚያይ መሰላት።

"ክቡር ጄኔራል" አለች። እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅም። "አዲሱ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ በፈጸሙ ማግሥት ኃላፊነቱን እንዲለቁ ቢጠይቁዎት፣ ይለቃሉ?"

ከሰብሳቢው ጀርባ ካሉት አንዱ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ፤ እንዳትመልስ እንደ ማለት። ጄኔራሉ ውሃውን አንስቶ ተጎነጨ።

"በጠየቁኝ ቀን አስረክባለሁ፣ ክብርት የምክር ቤት አባል" አለ። "ታዲያ ዛሬ ለምን እሺ አልክ ቢሉኝ፣ ወታደር ሲጠራ አቤት ይላል እንጂ፣ የጠራው ሰው ሥልጣን ላይ ስንት ቀን ቀረው ብሎ አይቆጥርም።"

ከዚህ ሌላ አልተናገረም። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባላል፤ እሷም ጠይቃ የሰማችው የምታውቀውን ነው። ሰውየው እንደምታውቀው ያው ነው። ይህ መልስ ግን ማንንም አላስደሰተም። ያጩት ሰዎች የሚፈልጉት በጠየቁት ቀን የማይለቅ ሰው ነበር። የማይፈልጉት ደግሞ ምክንያት ቀነሰባቸው።

ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። ሹመቱን የሚደግፉ ሲባል የተሰናባቹ ወገኖች እጃቸውን አወጡ። የሚቃወሙ ሲባል ቀበቶ ዞር ብሎ አያት። እሷ ቀበቶን አላየችውም። ጄኔራሉ ከውጭ እንዲጠብቅ ተነግሮት ወጥቶ ስለነበር፣ ትንሿ ጠረጴዛ ባዶዋን ነበረች፤ እሷን እያየች እጇን አነሳች። ክንዷ ከብዷት እንደሁ እንጃ፣ ቆጣሪው ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ሹመቱ በአንድ ድምፅ ወደቀ።

ኮሪደሩ ላይ አቀፏት፣ ጨበጧት፣ አንዱ አንበሲት አላት። ሽንት ቤት ገብታ እጇን ስትታጠብ ቆየች። ስትወጣ ግቢው ጭር ብሏል። ጠዋት የተሻሙት መኮንኖች አንዳቸውም የሉም። ጄኔራሉ ከመኪና ማቆሚያው ዳር፣ ፀሐይ ላይ፣ ብቻውን ቆሟል።

"ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ ሄዶ ነው" አላት፣ ሳትጠይቀው። "ይቆያል ብሎ ነበር የገመተው።"

"ጋሼ" አለች።

"ከልብሽ ነው?"

"ከልቤ ነው።"

"እንግዲያው ይቅርታ እንዳትጠይቂኝ" አላት። ቁጣ የለበትም፤ ለወታደር ትእዛዝ እንደሚሰጥ ረጋ ብሎ ነው ያላት። ሹፌሩ አፉን እየጠረገ ሲሮጥ መጣ። መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ቆማ አየችው።

ልጇ ከምትኖርበት ከተማ ደወለች። "እማ፣ ምን አደረግሽ?" ብላ ጠየቀችና መልሱን አልጠበቀችም፤ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የምትደውለው ስለ ልጆቿ ክትባትና ስለ ትምህርት ቤት ብቻ ለማውራት ሆነ። አማቷ ስልክ አያነሱም።

አዲሱ ፕሬዚዳንት ዝናብ በደንብ በዘነበበት ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙ። መምህሯ እንግዶች መካከል ተቀምጣ አጨበጨበች። በወሩ የሠራዊቱ አዲስ ሹም ስም ተነገረ፤ ከዋርሳዋ በሁለት ማዕረግ የሚያንስ፣ ስሙን ከዚያ በፊት ሰምታ የማታውቀው መኮንን ነው። ቀበቶ ቢሮ ሄደች። አዲስ ቢሮ ሰጥተውት ገና መጻሕፍቱን እየደረደረ ነበር።

ቃሉን አስታወሰችው። አልካደም። እውነት አስቦ እንደነበር ማለላት። ነገር ግን ሰውየው አንዴ የእነሱ ዕጩ ተብሎ ስሙ አገር ለአገር ዞሯል፤ የጣልነውን ሰው መልሰን ብናነሳ ለምን ጣላችሁት አንባልም ወይ አላት። "አንቺ ራስሽ እኮ ነሽ የጣልሽው፣ መምህሯ" አላት፣ ክፋት ሳያስብ፣ እንደ ምስጋናም አድርጎ። ከዚያ የኮሚቴው ምክትል ሰብሳቢ እንድትሆን እንደተወሰነ አበሰራት።

የበታቹ ሲሾም በላዩ የነበረ ጡረታ መውጣቱ የሠራዊቱ ወግ ነው። ጄኔራሉም ወጣ። የከተማውን ቤት ለመንግሥት አስረክቦ እናቱን ይዞ እሳቸው ወደ ተወለዱባት ትንሽ ከተማ ገባ። ይህንን የነገረቻት ልጇ ናት፤ አጎቷ ለእሷ ደውሎላት ነበር።

መምህሯ እሁድ እሁድ ቢሮ መግባት ጀመረች። ለምክትል ሰብሳቢ የሚሰጠው ክፍል ሰፊ ነው፤ ሦስት የእንግዳ ወንበር አለው። ከሥራ ቀን የተረፈ ወረቀት ታያለች፤ ሲሰለቻት መስኮቱን ከፍታ ባዶውን ግቢ ታያለች። ጥበቃው ስትገባም ስትወጣም "ዛሬም መጡ?" ይላታል፤ ከዚያ ውጭ ቀኑን ሙሉ የሚያናግራት የለም። ቤቷ ውስጥ የሚያንጠባጥብ ነገር ሲገኝ ቧንቧ ሠራተኛ ትጠራለች። ሠራተኛው በደንብ ይሠራል፤ ሠርቶ ይሄዳል።

ክረምቱ ሲወጣ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች። አልነገረቻቸውም። ቤቱን ጠይቃ አገኘችው። አማቷ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከአጥሩ ማዶ ሲያዩዋት ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሱ፤ ቀስ ብለው ገቡና በሩን ዘጉት። አልወረወሩትም፤ በእጃቸው ገፍተው ነው የዘጉት። ጄኔራሉ አጥር ቀለም እየቀባ ነበር። ሸሚዙ ላይ አረንጓዴ ተረጭቷል። ብሩሹን አስቀምጦ ወንበር አወጣላት።

ስለ መንገዱ ጠየቃት፤ ስለ ልጅቷ አወሩ። ከዚያ ዝም አሉ፤ የጥንቱ ዝምታ ግን አይደለም። ከዝምታው ለመውጣት ይሁን ከልቧ፣ ለወራት ስታብሰለስለው የከረመችውን ጠየቀችው።

"ወንድምህ ቢኖር ኖሮ ምን ይል ነበር?"

አሰበበት። "እሱማ ድምፀ ተአቅቦ ነበር የሚያደርገው። ዕድሜውን ሙሉ እንዳደረገው።"

እውነት ነው። ባሏ እናቱና ሚስቱ ሲከራከሩ እንኳ መኪና ላሳጥብ ብሎ የሚወጣ ሰው ነበር። ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። ውስጥ ቤት ያሉት አሮጊት ሰምተው ይሆናል።

"እኔም ድምፀ ተአቅቦ ባደርግ ኖሮ" አለች፣ ሳቁ ሲበርድላት፣ "እኩል ይሆን ነበር። ሰብሳቢው ያሳልፉልህ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ ጄኔራሉ።

ብሩሹን አንስቶ ጫፉ ላይ የደረቀውን ቀለም በጣቱ ማራገፍ ጀመረ። እሷም ቦርሳዋን ፈለገች። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኛት። እማማ ምን ይሉ ይሆን ብላ ስትጠይቀው፣ ብትመጪም ምንም አትል፣ ብትቀሪም ምንም አትል፣ ያው ከሆነ ነይ አላት። አውቶቡሱ ሳይነሳ ተመለሰ፤ ቆሞ እጅ ማውለብለብ ድሮም አይሆንለትም።

ደጋግማ ሄደች። አማቷ ግን አፋቸውን ሳይከፍቱላት በሚቀጥለው ክረምት አረፉ። በቀብራቸው ዕለት ልጇ ከባሏ ጋር መጣች፤ ምክር ቤቱም የአበባ ጉንጉን ላከ፣ በእሷ ስም። ዘመድ በሚቆምበት በኩል ጄኔራሉ ከጎኑ ትንሽ ቦታ ትቶ ነበር። ሄዳ ቆመች። ዝናቡ ያካፋል። ማንም ምንም አላላትም።